ገለታ ያልተለያቸው ሰው፦ የአናሲሞስ ነሲብ ሕይወት

ዓመታዊ መጽሔታችን በወጣ ቁጥር ከሂሳቡና ከመዋጮው ዝርዝር ቀጥሎ ለቤተሰብ የሚነበብ አንድ ጽሑፍ ማቅረብ ልማድ ሆኗል። ዘንድሮ ጽሑፉን እንድናዘጋጅ የተጠየቅነው እኛ ነንና ምን እንጻፍ ብለን ስንመካከር፣ እግዚአብሔር የሰጠንን በረከት አውቆ ስለ መደሰት ቢጻፍ ይሻላል የሚለው ሐሳብ አሸነፈ። መቼስ ዕድር ሲባል የሚታሰበው ድንኳን ነው፣ ንፍሮ ነው፣ ለቅሶ ነው። ሰው የሚፈልገን በክፉ ቀኑ ነው። በዓመት አንድ ጊዜ ስለ ደስታ ብናወራ ማንም አይቀየመንም ብለን ተስፋ እናደርጋለን።

ነገር ግን ስብከት አንሰብክም። አንደኛ ሥልጣኑ የለንም። ሁለተኛ ዕድራችን የክርስቲያኑም የሙስሊሙም ነው፤ አስከሬን ሲነሣ የማን እምነት ምንድን ነው ተብሎ ትከሻ አይመረጥም። ስለዚህ የአንድ ሰው ሕይወት እንተርካለን። ሰውየው ክርስቲያን ናቸው፤ ደስታቸውም የመነጨው ከክርስትና እምነታቸው ነው፤ ይህን አንደብቅም። እኒህ ሰው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ ተርጓሚ የሆኑት አናሲሞስ ነሲብ ናቸው።

አናሲሞስ የጨፋ ሰው አይደሉም። የተወለዱት ከዚህ በጣም ርቆ፣ በምዕራብ በኩል ባለው በኢሉባቦር፣ ሁሩሙ በሚባለው አገር አካባቢ ሲሆን ዘመኑም በ1856 ገደማ ነው። (የሕይወታቸውን ዓመታት በብዛት መዝግበው ያቆዩት የውጭ ሚሲዮኖች ስለሆኑ፣ አንባቢ እንዳይደናገር ዓመቶቹን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እንሰጣለን፤ በእኛ አቆጣጠር የሆነ ሲኖር ዓ.ም. ብለን እንለየዋለን።) ታዲያ ከእኛ ጋር ምን ያገናኛቸዋል ቢባል፣ ቋንቋው ነው። ከቦርከና ወንዝ ግራና ቀኝ፣ ከከሚሴ እስከ ሰንበቴ በየቤቱ የሚነገረው ኦሮምኛ እሳቸው ዕድሜያቸውን የፈጁበት ቋንቋ ነው። ጨፋ የሚለው የአገራችን ስም ራሱ ኦሮምኛ መሆኑን፣ ውሃ የተኛበት ለምለም መስክ ማለት መሆኑን የማያውቅ አባል መቼም የለም። ከዚህም ሌላ አንድ የወሎ ሰው በታሪካቸው ውስጥ ገብቶ ትልቅ ነገር አድርጎላቸዋል፤ እሱን በቦታው እንደርስበታለን።

ለሕፃኑ መጀመሪያ የወጣለት ስም ሂካ ነበር። ሂኩ ማለት በኦሮምኛ መፍታት ነው። እንደ አማርኛው ሁሉ የታሰረውን መፍታትም ነው፣ የቃልን ትርጉም መፍታትም ነው። ስም የሚያወጡ ወላጆች ምን እንደሚያዩ አይታወቅም እንጂ፣ ልጁ በኋላ ሁለቱንም ሆነ፤ ከእስር የተፈታም፣ ቃል የሚፈታም።

አባቱ ነሲብ የሞቱት ልጁ አራት ዓመት ሲሆነው ነው። ያለ አባት ማደግ ምን እንደሆነ በዕድራችን ውስጥ የሚያውቁ ያውቁታል። በ1869 ደግሞ ባሪያ ፈንጋዮች መጥተው ልጁን አፍነው ወሰዱት። ከዚያ በኋላ ከእጅ ወደ እጅ እየተሸጠ፣ ከአገሩ እየራቀ፣ ስምንት ጌቶች ተቀባበሉት። ስምንት! ገና ልጅ ሳለ ማለት ነው። ሰው እንደ ሰንጋ ጥርሱ እየታየ ዋጋ የሚቆረጥበት ዘመን ነበርና፣ ከደቡብና ከምዕራብ የሚታፈሱት ልጆች ወደ ቀይ ባሕር ወደቦች ይነዱና ባሕር ተሻግረው ወደ ዐረብ አገር ይሸጡ ነበር። ባርነት በአገራችን በሕግ ጨርሶ የተከለከለው ከጣልያን ወረራ በኋላ፣ በነሐሴ 1934 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ነው። ስለዚህ ሩቅ ታሪክ አይምሰላችሁ፤ የአያቶቻችን ዘመን ነው።

ልጁ ምጽዋ ደረሰ። ከዚያ ወዲያ ባሕሩ ነው፤ ባሕሩን የተሻገረ ደግሞ አገሩን ዳግመኛ የሚያይ እምብዛም አልነበረም። በ1870 እዚያው ምጽዋ ላይ ቨርነር ሙንዚንገር የተባለ የስዊስ ተወላጅ ነጻ አወጣውና ለስዊድን ሚሲዮን አስረከበው። የስዊድን ሚሲዮናውያን ምጽዋ የደረሱት በ1866 ነበር። ዓላማቸው ወደ ኦሮሞ አገር ገብቶ ማስተማር ሲሆን፣ መንገዱ ስለተዘጋባቸው ባሕሩ ዳር ቀርተው ነበር። እነሱ ኦሮሞ አገር መድረስ አቃታቸው፤ የኦሮሞ ልጅ ግን ተሽጦ፣ ተለውጦ፣ ስምንት ጌታ ቀይሮ እነሱ ደጃፍ ድረስ መጣ። ከምጽዋ ወጣ ብሎ እምኩሉ በሚባለው መንደር የሚሲዮኑ ትምህርት ቤት ነበረ፤ ልጁም እዚያ ፊደል ቆጠረ፣ የክርስትናንም ትምህርት ተማረ።

መጋቢት ወር ላይ፣ በ1872 በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ31ኛው ቀን፣ የምዕራባውያን የትንሣኤ በዓል ዕለት ተጠመቀና አናሲሞስ ተባለ። መጽሐፍ ቅዱስ የሚያነቡ አባሎቻችን ስሙን ያውቁታል። ሐዋርያው ጳውሎስ ለፊልሞና የጻፈው አጭር መልእክት የሚናገረው ስለ አንድ አናሲሞስ ስለሚባል ባሪያ ነው። ከጌታው ተለይቶ የነበረውን ሰው፣ ከእንግዲህ እንደ ባሪያ ሳይሆን እንደ ወንድም ተቀበለው ሲል ጳውሎስ ይለምንለታል። የስሙም ትርጉም በግሪክ ቋንቋ የሚጠቅም ማለት ነው። ስምንት ጊዜ ዋጋ ለወጣለት ልጅ ይህን ስም መስጠት ቀልድ አይደለም። ስምንት ሰዎች ይጠቅመናል ብለው ገዝተውታል፤ ጥቅሙ ግን ከሚሸከመው ሸክም በላይ ሌላ ሆኖ ተገኘ።

ከዚህ ወዲያ አንቱ እንበላቸው። ሚሲዮኑ ትጋታቸውን አይቶ በ1876 ወደ ስዊድን ላካቸውና በስቶክሆልም አጠገብ ዮሐንስሉንድ በሚባለው የወንጌላውያን ማሠልጠኛ እስከ 1881 ድረስ አምስት ዓመት ተማሩ። ብርዱን፣ ጨለማውን ክረምት፣ የማያውቁትን ቋንቋ እናንተው አስቡት። ተምረው ሲመለሱ ምጽዋ ላይ ምሕረት ኃይሉ የተባሉትን አገቡ። በአውሮፓ መቅረት ይቻል ነበር ብለን እናስባለን። የተማረ ሰው በዚያ ዘመን የትም ይፈለጋል። እሳቸው ግን አንድ ነገር ብቻ ነበር በልባቸው፤ የተነጠቁበት አገር መመለስና ያገኙትን ደስታ በገዛ ቋንቋቸው ለወገናቸው መንገር።

መንገዱ ግን እንቢ አለ። በመጀመሪያ በሱዳን በኩል ዞረው ወደ ወለጋ ለመግባት ከባልንጀሮቻቸው ጋር ተነሡ። ዓባይን ይዘው ወደ ላይ ሄደው ፋማካ እስከሚባለው የድንበር ቦታ ደረሱ። የአገራቸው ተራራ ከሚታይበት ሩቅ አልነበሩም። ከዚያ ማለፍ አልተቻለም። በሽታውም በረታባቸውና በሚያዝያ 1882 ካርቱም ተመለሱ፤ ሱዳን ደግሞ የመሐዲስቶች ጦርነት ሊያቃጥላት የጀመረበት ጊዜ ነበር። ወደ እምኩሉ ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። ሁለተኛው ሙከራ በ1886 ነበር፤ ያኔ በሸዋ በኩል ነው። እንጦጦ ድረስ ገቡ። በዚያን ጊዜ የሸዋ ንጉሥ የነበሩት ምኒልክ ወደ ፊት እንዲያልፉ አልፈቀዱም፤ እንደገና ወደ ምጽዋ ተመለሱ።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እንበል። ሰው ሁለት ጊዜ የአገሩ በር ድረስ ሄዶ ሲመለስ ምን ይሆናል? እኛ ብንሆን እግዚአብሔር አልፈለገውም ብለን እንቀመጥ ነበር፤ ወይም ምሬት ይገባን ነበር። አናሲሞስ ምን እንዳደረጉ የሚያሳየን ሥራቸው ነው። እሳቸው መግባት ካልቻሉ መጽሐፉ ይግባ ብለው በእምኩሉ ቁጭ ብለው መጻፍ ያዙ። በ1880ዎቹ ከጻፏቸው የመጀመሪያዎቹ መጻሕፍት አንዱ ደግሞ ምን ይመስላችኋል? የመዝሙር መጽሐፍ ነው። አንድ መቶ መዝሙር በኦሮምኛ፤ የመጽሐፉም ስም የሚጀምረው ገለታ በሚለው ቃል ነው።

ገለታ! ይህን ቃል ለእናንተ መተርጎም አያሻም። ምስጋና ነው፣ ውዳሴ ነው። ከሚሴ ገበያ ላይ አንድ ጠዋት ብትዞሩ ሦስቱንም ትሰማላችሁ፤ አንዱ ተመስገን ይላል፣ አንዱ አልሐምዱ ሊላህ ይላል፣ አንዷ እናት ደግሞ ጭነቷን ላወረደላት ጎረምሳ ገለቶሚ ትለዋለች። ሁላችንም በቀን ስንት ጊዜ ከአፋችን የሚወጣ ቃል ስለሆነ ክብደቱ አይሰማንም። አናሲሞስ ግን ይህን ቃል ለመጽሐፋቸው ስም ሲያደርጉት፣ አባታቸውን በልጅነታቸው ያጡ፣ ከእናታቸው የተነጠቁ፣ ተሸጠው የነበሩ፣ ሁለት ጊዜ ከአገራቸው ደጅ የተመለሱ ሰው ነበሩ። እኛ እንደሚመስለን፣ ምስጋናውን የጻፉት ነገሩ ሁሉ ከተሳካ በኋላ ቢሆን ኖሮ ይህን ጽሑፍ ባልጻፍን ነበር። ነገሩ ሳይሳካ ነው የጻፉት።

አደራ እንዳታስቱን። ባርነቱ በረከት ነበር ማለታችን አይደለም። አንዳንድ ሰው እንዲህ ያለ ታሪክ ሲነገር ቶሎ ብሎ ለበጎ ነው ይላል። ባይሸጥ ኖሮ መቼ ይማር ነበር የሚልም አይጠፋም። በለቅሶ ቤትም የምናየው ይኸው ነው፤ ልጇን የቀበረች እናት ድንኳን ውስጥ ተቀምጣ ሳለ አጠገቧ ያለው ሰው ለበጎ ነው፣ እግዚአብሔር ያውቃል እያለ ይነዘንዛታል። ክፋት አስቦ አይደለም፤ የሚለው ቢጠፋው ነው። ቢሆንም ደግ አይደለም። ባሪያ ፈንጋዩ የሠራው ኃጢአት ኃጢአት ነው፤ የመዝሙር መጽሐፍ ስለተጻፈ ጽድቅ አይሆንም። አናሲሞስም ያመሰገኑት ስለተሸጡ አይደለም። ያመሰገኑት ስለተፈቱ ነው፣ ፊደል ስላወቁ ነው፣ እንደ እሳቸው ከተፈቱት ልጆች ጋር አንድ ማዕድ ስለቀረቡ ነው፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የሚያምኑት ክርስቶስ ለባሪያውም ለጌታውም እኩል ሞቷል ብለው ስላመኑ ነው። ክፉውን ክፉ ብሎ፣ የተሰጠውን ግን ቆጥሮ ማመስገን ይቻላል። ይህ ከለበጎ ነው በጣም ይለያል፤ ለቅሶ ስንቀመጥ ብናስብበት ምን ይለናል?

ወደ ታሪኩ እንመለስ። ሁለተኛው ጉዞ ከከሸፈ በኋላ አናሲሞስ ሙሉ መጽሐፍ ቅዱሱን ለመተርጎም ቆረጡ። ግን አንድ ትልቅ ችግር ነበረባቸው። ከአገራቸው የተወሰዱት በልጅነታቸው ነው። ልጅ የሚያውቀው የልጅ ቋንቋ ነው። ሽማግሌ በሸንጎ የሚናገረውን፣ ሴቶች በሠርግና በለቅሶ የሚያወርዱትን፣ ገበሬ ለእርሻ ዕቃው ለእያንዳንዱ ያለውን ስም ከየት ያምጡት? አሥራ ምናምን ዓመት ዐረብኛ፣ ትግርኛ፣ አማርኛና ስዊድንኛ ሲሰማ የኖረ ጆሮ ነው። በባዕድ አገር ልጅ ያሳደገ ሰው ይህን በደንብ ይረዳዋል።

ይህን ችግር የፈታችው አንዲት ልጃገረድ ነበረች። አስቴር ገኖ ትባላለች፤ የተወለደችው በ1872 ገደማ ነው። እሷም እንደ እሳቸው በባርነት የተያዘች ስትሆን በሊሙ እናርያ ንጉሥ ቤት ትኖር ነበር። በ1886 ወደ ዐረብ አገር ልትሸጥ በመርከብ ስትወሰድ የጣልያን መርከቦች ደርሰው ባሮቹን አስጣሉና እሷም እምኩሉ ትምህርት ቤት ገባች። ከአገሯ የወጣችው ከአናሲሞስ በኋላ በመሆኑ ቋንቋው በአፏ ገና ትኩስ ነበር። አናሲሞስም የልጅቱን ተሰጥኦ ወዲያው አወቁት። የኦሮምኛ መዝገበ ቃላት የማሰባሰቡን ሥራ ለእሷ ሰጧት፤ ለትርጉሙም ማቃኛ የሆነው ይህ ሥራ ነው። ከዚህም ሌላ አስቴር ከልጅነቷ የሰማቻቸውን ተረቶች፣ እንቆቅልሾች፣ ምሳሌያዊ አነጋገሮችና ዘፈኖች እያስታወሰች እስከ 500 የሚደርሱ ጽፋለች። ብዙዎቹ በ1894 ለጀማሪ አንባቢዎች በታተመው የኦሮምኛ መማሪያ መጽሐፍ ውስጥ ገቡ።

ስለ አስቴር ብዙ ጊዜ የሚነገረው በአንድ መስመር ነው። እኛ ግን ከዚያ በላይ ይገባታል እንላለን። ሌላው ቀርቶ አስቡት፤ ከቤቷ ስትወሰድ ልብስ አልያዘችም፣ ስንቅ አልያዘችም። የያዘችው አያቶቿ ማታ ማታ እሳት ዳር ያወሩላትን ተረት ነው። ነጋዴው ያንን ሊቀማት አልቻለም። ያ ተረት የአንድ ሕዝብ የመጀመሪያ የንባብ መጽሐፍ ሆነ። በረከት ቆጥሮ መደሰት ሲባል እንዲህ ያለውን ካልቆጠሩ ምን ይቆጠራል?

በእምኩሉ እነዚህ ሁለቱ ብቻ አልነበሩም። ከባርነት የወጡ ሌሎች የኦሮሞ ልጆችም ነበሩ፤ በኋላ የአናሲሞስ ሁለተኛ ባለቤት የሆኑት ሊዲያ ዲምቦም ከእነሱ አንዷ ናቸው። ከተለያየ የኦሮሞ አገር የመጡ ስለነበሩ አንዱ የሚለውን ቃል ሌላው ላያውቀው ይችላል። አንድ ቃል ለመምረጥ መነጋገር፣ መከራከር፣ ማስታወስ ያስፈልግ ነበር ማለት ነው። እኛም እናውቀዋለን፤ የእኛ የወሎው ኦሮምኛ የራሱ ቃና አለው። ለአምላክ ስም እንኳ እኛ ዘንድ በሙስሊሙ አፍ ረቢ የሚለው ይበዛል፤ በአናሲሞስ ትርጉም ግን የቆየው ዋቀዮ የሚለው ነው። የሚገርመው፣ ባሪያ ንግድ ከአራቱም ማዕዘን አፍሶ ባሕር ዳር ባይጥላቸው እነዚያ ሁሉ አነጋገሮች በአንድ ክፍል ውስጥ አይገናኙም ነበር። አሁንም ግን ለበጎ ነው አላልንም።

ሐዲስ ኪዳኑ በ1893 እዚያው እምኩሉ ታተመ። ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ ደግሞ በ1899 በስዊስ አገር በቅዱስ ክሪሾና ታተመ። የተጻፈው በእኛው በግዕዝ ፊደል ነው። ይህን ሁሉ መጽሐፍ የተረጎሙት፣ ሥራው የተፈጸመው ቋንቋው ከሚነገርበት አገር ውጭ፣ በበረሃ ዳር፣ በቀይ ባሕር ሙቀት መሆኑን ልብ ይሏል። ከኦሪት እስከ ራእይ ያለውን መጽሐፍ በእጁ የገለበጠ ሰው ብቻ ነው ሥራውን የሚገምተው።

ከዚያ በኋላ፣ በ1904፣ የአገሩ በር ተከፈተ። አናሲሞስ፣ አስቴርና ሌሎችም ወደ ወለጋ ገቡ። አናሲሞስ ከተነጠቁ 35 ዓመት ሆኗቸው ነበር። ሲሄዱ ልጅ፣ ሲመለሱ ሽበት ያወጡ ሰው። ነቀምት ላይ ገዢው ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር በክብር ተቀበሏቸው፤ አድናቆታቸውንም አልሸሸጉም። ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ አስቴርም አስተማሪ ሆነች። አናሲሞስ ሕዝቡን በገዛ ቋንቋው ያስተምሩ፣ በኦሮምኛ የተተረጎመውንም መጽሐፍ ያነቡለት ጀመር። ሰው በእናቱ ቋንቋ ስለ እግዚአብሔር ሲነበብለት መጀመሪያ ቀን ምን እንደተሰማው ማን ይነግረናል? እኛ ግን እንገምታለን። ለወሎ ሰው ይህ አዲስ ነገር አይደለም፤ በመንዙማው ሰው በገባው ቋንቋ ሲያመሰግን ስንቱ አልቅሷል።

ደስታው ግን ጠላት አላጣም። የአካባቢው ካህናት ኦሮምኛ አያውቁም ነበርና የሚባለውን ነገር በጥርጣሬ ያዩት ጀመር። ትምህርቱም ከውጭ ሚሲዮን የመጣ ስለሆነ ሃይማኖታችንን ሊያጠፋ ነው ብለው ፈሩ። ለእነሱም እንፍረድላቸው፤ የያዙትን እምነት ለመጠበቅ መሥጋታቸው በራሱ ነውር አይደለም። እመቤታችንን ተሳድቧል የሚል ክስ ግን አቀረቡ። በግንቦት 1906 አናሲሞስ አቡነ ማቴዎስ ፊት ቀረቡ። ጳጳሱም ከአገር እንዲሰደዱ ፈረዱ። ጉዳዩ ወደ ዐፄ ምኒልክ ሲደርስ ንጉሠ ነገሥቱ ፍርዱን ለወጡት፤ ነቀምት ተመልሰው ይቀመጡ፣ ነገር ግን አይስበኩ ተባለ።

ይህ ለእሳቸው እንዴት ያለ ፍርድ እንደሆነ አስቡ። ዕድሜ ልካቸውን የደከሙት በገዛ አገራቸው፣ በገዛ ቋንቋቸው ይህንኑ ለመናገር ነው። አገሩ ተሰጣቸው፣ ቋንቋው ተሰጣቸው፣ አፋቸው ተያዘ። አስር ዓመት ያህል እንዲሁ ኖሩ። የስደቱም ሥጋት ጨርሶ አልለቀቃቸውም ነበር።

ምን አደረጉ? አስተማሩ። ስብከት ተከልክሏል፣ ፊደል ማስቆጠር ግን አልተከለከለም። ትምህርት ቤታቸው ውስጥ ገብተው ልጆች ማስነበብ ያዙ። የሚነበበው መጽሐፍ ደግሞ እነ አስቴር የጻፉት፣ እሳቸው የተረጎሙት ነው። እኛ የዚህን ሰው ሕይወት ስናነብ ከሁሉም ይልቅ የያዝነው ይህንን አስር ዓመት ነው። ከጥምቀቱም፣ ከመጽሐፉም ይበልጣል እንላለን። ደስታ በጭብጨባና በእልልታ ጊዜ ቀላል ነው። ጠዋት ተነሥቶ፣ የተከለከለውን ትቶ፣ የተፈቀደለትን ያህል በሙሉ ልብ መሥራት ግን ከየት የሚመጣ ጉልበት ነው? ያኮረፈ ሰው ልጅ አያስተምርም። ቢያስተምርም ልጆቹ ያውቁበታል።

አሁን ያ ያልነው የወሎ ሰው መጣ። በ1916 ልጅ ኢያሱ ለአናሲሞስ እምነታቸውን በነጻ እንዲሰብኩ ፈቀዱላቸው። ልጅ ኢያሱ ማን እንደሆኑ ለጨፋ ሰው አንነግርም፤ የወሎው የንጉሥ ሚካኤል ልጅ ናቸው። በአንድ ቤት ውስጥ ክርስትናውም እስልምናውም ዘር ያለው መሆኑን፣ ዘመድ ከዘመድ በሃይማኖት እንደማይለይ በወሎ ያደገ ሰው ያውቃል። ልጅ ኢያሱ ስለ ብዙ ነገር ተወቅሰዋል፤ እኛም እዚህ ልንሟገትላቸው አልተነሣንም። በዚያው ዓመት መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ከሥልጣን ወረዱ፤ አባታቸውም በጥቅምት ወር ሰገሌ ላይ ተሸነፉ። ለአናሲሞስ የተሰጠው ፈቃድ ግን አልተሻረም። ሰጪው ወድቆ ስጦታው ቆመ። እንዲህ ያለ ነገር በታሪክ ብዙ ጊዜ አይገኝም።

አናሲሞስ ከዚያ ወዲያ አስራ አምስት ዓመት ያህል በነጻነት ሰበኩ፣ መጻሕፍቶቻቸውንም አሠራጩ። ሰኔ 14 ቀን 1923 ዓ.ም. በነቀምት ከተማ አረፉ። ዕድሜያቸው ሰባ አምስት ገደማ ነበር። ስምንት ጌቶች የተቀባበሉት ልጅ፣ በመጨረሻ በወገኑ መካከል፣ በቋንቋው ተለቅሶለት ተቀበረ። ዕድርተኛ የሆነ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። ባሕር ማዶ ተሸጠው የቀሩት ስንቶቹ ናቸው አፈር የሚያለብሳቸው ወገን ያገኙት?

አስቴር ገኖ ከእሳቸው በኋላ ከሠላሳ ዓመት በላይ ኖራ አረፈች። እነሱ በጀመሩት ሥራ ከተተከሉት ማኅበሮች ብዙዎቹ በ1959 የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ስትመሠረት በውስጧ ተጠቃለዋል። አናሲሞስን ደግሞ የኦሮምኛ ሥነ ጽሑፍ አባት የሚሏቸው የእምነታቸው ተከታዮች ብቻ አይደሉም፤ ሙስሊሙም ኦርቶዶክሱም ቋንቋውን የሚያጠና ሁሉ ስማቸውን ያነሣል።

አንድ የቀረን ነገር አለ። ዛሬ ከሚሴም ሆነ በዙሪያው ባሉት ወረዳዎች ልጆቻችን ኦሮምኛ የሚማሩት በላቲን ፊደል ነው። የ1899ኙ መጽሐፍ ግን በግዕዝ ፊደል ስለተጻፈ፣ ኦሮምኛው የጠራ ልጅ ፊደሉ ላይ ሊደናቀፍ ይችላል፤ ፊደሉን አቀላጥፎ የሚያነብ አያት ደግሞ አንዳንዱ ቃል ያመልጠዋል። መጽሐፉ እጁ የገባ አባል ካለ አያትና የልጅ ልጅ አንድ ላይ አስቀምጦ ያስነብባቸው፤ አንዱ ፊደሉን ይጥራ፣ ሌላው ቃሉን ይፍታ።